የቤተሰብ ስኪ ዕቅድ ከትንሹ ልጅ ይጀምር፦ ለ«ርካሽ የአልፕስ ዕረፍት» ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ወላጆች እየተቀባበሉ ያነበቡት አንድ ጽሑፍ አለ። በአውሮፓ የሚኖር ሐበሻ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ በአልፕስ ተራሮች ላይ የስኪ (በበረዶ ላይ የመንሸራተት) ዕረፍት በትንሽ ገንዘብ እንዴት ማሳለፍ እንደሚችል ይመክራል። ምክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከፍ ያለና ሰፊ ሪዞርት ምረጡ፤ ሥራ በሚዘጋበት በፈረንጆች ገና ሂዱ፤ ልጆቹን ራሳችሁ አስተምሩ፤ ዕቃውን ከወዳጅ ተዋሱ ወይም አሮጌ ግዙ፤ ለልብስ ያላችሁ ጃኬት ይበቃል፣ የፀሐይ ቅባት ደግሞ ለፈረንጅ ነው፤ የጤና ካርድ ስላላችሁ ሌላ ኢንሹራንስ አትግዙ፤ በመኪናችሁ ንዱ፤ ሆቴል ትታችሁ አፓርትመንት ተከራዩ፤ ሦስት ቀን በቂ ነው።

ጸሐፊው የተነሱበት ሐሳብ ቅን ነው። ስኪ ውድ ነው፤ አራት ነፍስ ያለበት ቤት ሳያሰላ ከገባበት የወር ደመወዝ ይበላል። ከምክሮቹ ግን ያለ ማሻሻያ የምንቀበለው አንዱን ብቻ ነው። የቀሩት ገንዘብ የሚያድኑ ይመስላሉ እንጂ ልጅ በሁለተኛው ቀን «ወደ ቤት እንሂድ» ብሎ እንዲያለቅስ፣ ሲከፋም የሰው ጉልበት እንዲበጠስ የሚያደርጉ ናቸው።

ስሕተቱ የመጣው ከአንድ ቦታ ነው። ጽሑፉ ሒሳቡን የጀመረው ከአልጋ ዋጋ ነው። የቤተሰብ ስኪ ሒሳብ ግን የሚጀምረው ከትንሹ ልጅ ነው፦ ስንት ዓመቱ ነው? ከቤቱ በር እስከ መማሪያው ሜዳ ያን ከባድ ጫማ አድርጎ ስንት ደቂቃ ይራመዳል? እግሩ ጫማው ውስጥ ተመችቶታል? እሱ ደስ ካለው ሁሉም ይንሸራተታል። እሱ እምቢ ካለ አንድ ወላጅ የስድስት ቀን ስኪ ፓሱን (በተራራው ማመላለሻዎች የሚያሳፍረውን ካርድ) ኪሱ አድርጎ ክፍል ውስጥ ይውላል።

ከፍታውና ስፋቱ

ከፍ ያለ ቦታ በረዶ አያጣም መባሉ እውነት ነው። የፈረንሳዩ ቫል ቶረንስ በ2,300 ሜትር ላይ፣ አዲስ አበባን በሚያህል ከፍታ የተሠራ መንደር ስለሆነ በረዶው ከወቅቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ይቆይለታል። ከአጎራባቾቹ ጋር በአንድ ፓስ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንሸራተቻ ያስገኛል። ይህ ሁሉ ግን ለጀማሪ ምን ያደርግለታል? የአምስት ዓመት ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚጠቀምበት መሬት የኳስ ሜዳ አያክልም። ከመሬት ጋር ተስተካክሎ የሚሄድ አንድ ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ (ኦስትሪያውያን «አስማተኛ ምንጣፍ» ይሉታል)፣ ከጎኑ ለስላሳ ተዳፋት፣ ከታች ደግሞ ልጁ ራሱ የሚቆምበት ሜዳ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ያለው ኪሎ ሜትር የሚከፈለው ለማይረገጥ ተራራ ነው።

ሌላው ችግር ዛፍ አለመኖሩ ነው። እንደ ቫል ቶረንስ ዛፍ በማይበቅልበት ከፍታ ላይ ያለ መንደር ደመና ሲወርድበት ሰማዩና መሬቱ አንድ ነጭ ይሆናሉ። ጉብታው ከጉድጓዱ አይለይም፤ ልምድ ያለው ሰው እንኳ የቆመ መስሎት ይንሸራተታል። ዝቅ ባለ ቦታ ግን በፒስቱ (በተስተካከለው የመንሸራተቻ መንገድ) ግራና ቀኝ ያለው ጥድ ለዓይን ጥቁር መስመር ይሰጣል፣ ነፋሱንም ይሰብራል። ሙቀቱም በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚወርድ፣ ቆሞ ተራ ለሚጠብቅ ሕፃን ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ የፒስት ካርታውን ስትከፍቱ መጀመሪያ የልጆቹን ሜዳ ፈልጉ። ከመንደሩ ጋር ነው ወይስ ላይ ነው? ላይ ከሆነ ልጁ በጎንዶላ (በገመድ በሚሄድ ዝግ ሳጥን) ተቀምጦ መውረድ ይችላል? ምሳ የሚበላበትና የሚሞቅበት ቤት አጠገቡ አለ? በኦስትሪያ ቲሮል የሚገኘው ሰርፋውስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መንደሩ 1,427 ሜትር ላይ ነው፤ መንሸራተቻዎቹ ከ2,800 ሜትር በላይ ይወጣሉ፤ የልጆቹ ሜዳ ደግሞ በጎንዶላ የሚደረስበት ኮምፐርዴል ላይ፣ 1,980 ሜትር አካባቢ ነው። ታች ዝናብ ቢሆን እንኳ ልጆቹ በረዶ ላይ ናቸው። መንደሩ መኪናን ወደ ዳር ስላስወጣ ከ1985 ጀምሮ በነፃ የምታጓጉዝ ትንሽ የመሬት ውስጥ ባቡር አለችው፤ ከመኪና ማቆሚያው ተነስታ በቤተ ክርስቲያኑና በመሐል መንደሩ አልፋ ጎንዶላው ሥር ታደርሳለች። አራት ጥንድ ስኪ የተሸከመ አባት የዚህች ባቡር ዋጋ ይገባዋል። በአንጻሩ እንደ ኦስትሪያው ሳንክት አንቶን ያሉ ስመ ጥር ቦታዎች ስማቸው የገነነው በጠንካራ ተንሸራታቾች ነው።

በቀለሙም አትሸወዱ። ፈረንሳይ ከሰማያዊው በታች አረንጓዴ የሚባል የጀማሪ ፒስት አላት፤ ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድና ጣሊያን ግን በሰማያዊ ይጀምራሉ። በኦስትሪያ ደንብ ሰማያዊ ማለት ተዳፋቱ ከ25 በመቶ የማይበልጥ፣ ቀይ እስከ 40 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ጥቁር ነው። የ25 በመቶ ተዳፋት ትናንት ለጀመረ ሰው ቀልድ አይደለም።

ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ልክ የሚሆኑት ጉዞው በአፕሪል፣ በፋሲካ ሰሞን ከሆነ ነው። ያኔ ከፍ በሉ።

ወቅቱ

በፈረንጆች ገና መሄድ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። ከዲሴምበር 24 እስከ ጃንዋሪ 6 ያለው ጊዜ የዓመቱ ውድ ሰሞን ነው። በረዶው ገና ስላልተቆለለ ብዙ ጊዜ ክፍት የሚሆነው በማሽን በረዶ የተረጨበት ፒስት ብቻ ነው፤ ሰውም እሱ ላይ ይታጨቃል። ቀኑም አጭር ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲል ጥላው ሸለቆውን ይሸፍነዋል፣ በረዶውም ይጠጥራል። ለብዙዎቻችን ደግሞ ጾመ ነቢያት ያላለቀበት፣ የራሳችንም ገና የሚቀርብበት ሰሞን ነው።

ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ካልገቡ ምርጡ ጊዜ ከጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። በረዶው ደርቆ ይገኛል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ የኮርስ ቡድኑም ያንሳል። ብርዱ ይጠነክራል፤ ለዚያ ልብስ አለ። በተማሪዎች ዕረፍት መሄድ ግዴታ ከሆነባችሁ የራሳችሁን ካላንደር ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቹንም እዩ። ፈረንሳይ ትምህርት ቤቶቿን በሦስት ዞን ከፍላ የፌብሩዋሪን ዕረፍት ስለምታፈራርቅ የፈረንሳይ ሪዞርቶች አንድ ወር ሙሉ ይጨናነቃሉ። በዚያ ወር የሁለት ዞኖች ዕረፍት የተደራረበበት ሳምንት የባሰው ነው። የኪራይ ሳምንቱ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስለሆነ ቅዳሜ ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ ይዘጋል። እሁድ የሚያስገባ ቤት ከተገኘ ግማሽ ቀን አተረፋችሁ።

በአውሮፕላን ለሚመጡ ደግሞ ጽሑፉ መጀመሪያ ትኬት ያዙ ይላል። በተማሪዎች ዕረፍት መጀመሪያ የሚያልቀው ግን የልጆች ኮርስ ቦታ ነው። ኮርሱን፣ ቀጥሎ ቤቱን፣ ከዚያ ትኬቱን፣ መጨረሻ የዕቃ ኪራዩን ያዙ። የሸንገን ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ካለ፣ ለምሳሌ በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚኖር ዘመድ ወይም ከአዲስ አበባ የምትመጣ አያት፣ ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ሊገባ ይችላል፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀር ግን አይቻልም። ቪዛው ሳይወጣ መልሶ የማይከፍል ትኬት አትቁረጡ።

ልጅን ራስ ማስተማር

ይህኛው ምክር ከሁሉም ያሳዝነናል፤ ምክንያቱም የሚመክረው ለራሳቸው ጀማሪ ለሆኑ ወላጆች ነው። ቪዲዮ አይቶ የመጣ አባት የራሱን ሚዛን ሳይጠብቅ ልጁን ሊይዝ ይሞክራል፤ ሁለቱም ይወድቃሉ፤ ልጁ ላይ የሚወድቀው ደግሞ ሰማንያ ኪሎ ነው።

የትንሽ ልጅ ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ከባድ ነው፣ ጭኑም ደካማ ነው። ስለዚህ ፍርሃት ሲይዘው ወደ ኋላ ይቀመጣል። ወደ ኋላ ሲቀመጥ የስኪው አፍንጫ ይቀላል፣ መቆጣጠር አይቻልም፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። አስተማሪው የሚያደርገው ይህን ፍርሃት ከምንጩ ማስቀረት ነው፦ መጀመሪያ ያለ ስኪ በጫማው ብቻ ያስሮጠዋል፤ ቀጥሎ በአንድ ስኪ እንደ ስኩተር ያስገፋዋል፤ ከዚያ በሁለቱ በሜዳ ላይ ያራምደዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው አሥር ሜትር ወደማትሞላ ተዳፋት የሚወስደው። መቆሚያውን ልጆች «ፒዛ» ብለው ይማሩታል፦ የስኪዎቹ አፍንጫ ተቀራርቦ ጅራታቸው ሲከፈት የፒዛ ቁራጭ ይመስላል። ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ጋ ነው። ልጁ ሳይቆም ወደ ታች ሲወርድ አይተው «ቻለ!» ብለው ወደ ሰማያዊው ይወስዱታል። ፒዛን የቻለ ልጅ ማለት በተነገረው ቦታ የሚቆምና ግራና ቀኝ የሚታጠፍ ልጅ ነው።

ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ በበረዶ ሊጫወት ይችላል፤ በቡድን ትምህርት የሚሰምርለት ግን ብዙውን ጊዜ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ዳይፐር ያልተወ ልጅ በኮርስ ቡድን አይያዝም፤ ለእሱ የሕፃናት ማቆያ ያለበት መንደር ፈልጉ። በኦስትሪያ ኮርሱ በአብዛኛው እሁድ ወይም ሰኞ ይጀምራል፤ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ከሰዓት በኋላም ለሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በመሐል ያለው የምሳ ጥበቃ ለብቻው ይከፈላል። በፈረንሳይ ትልቁ ድርጅት ከ1945 ጀምሮ ያለው የፈረንሳይ ስኪ ትምህርት ቤት ነው፤ ትንንሾቹን «ፒዩ ፒዩ» በሚለው ደረጃ ይቀበላል። ስትመዘገቡ አስተማሪው ከልጃችሁ ጋር በምን ቋንቋ እንደሚነጋገርና በቡድኑ ስንት ልጅ እንዳለ ጠይቁ፤ ለትንንሾች ስምንት ልጅ ብዙ ነው። በልጁ ጃኬት ውስጥ ስሙንና ስልካችሁን የያዘ ወረቀት፣ ሌላ ኪስ ውስጥ መሐረብና ትንሽ ቸኮሌት አስቀምጡ። ካስረከባችሁት በኋላ ከአጥሩ ዞር በሉ። እናቱን እያየ የሚማር ልጅ የለም።

ገንዘብ ማዳን የሚቻለው እዚህ ነው፤ ጸሐፊው ይህን ሳይነኩት ማለፋቸው ይገርማል። ለልጁ የስድስት ቀን ስኪ ፓስ ከመግዛታችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፤ ጀማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት የሚያሳልፉት ፓስ በማይጠይቀው የልምምድ ሜዳ ላይ በሆነባቸው ቦታዎች ይህ ወጪ ባዶ ነው። ለአዋቂ ጀማሪም እንደዚሁ ነው። በብዙ የኦስትሪያ ሪዞርቶች ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከወላጅ ጋር በነፃ ይሳፈራል፤ ዕድሜው የሚቆጠረው ግን በልደት ቀኑ ሳይሆን በተወለደበት ዓመት የሆነባቸው ቦታዎች ስላሉ ፓስፖርቱን ያዙ። ካርዱን በግራ ኪስ ብቻውን አኑሩት፤ የማመላለሻው በር ካርድ ማንበቢያ በግራ በኩል ነው፣ ከስልክ ጋር ከተደራረበም ላያነበው ይችላል።

ወላጆችም ቢያንስ ሦስት ግማሽ ቀን ተማሩ። በኦስትሪያ ቁመቱ 1.25 ሜትር ያልሞላ ልጅ በወንበር ሊፍት (በገመድ በሚሄድ ተንጠልጣይ ወንበር) ላይ ብቻውን አይሳፈርም፤ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው መውረድ ማወቅ አለበት።

የተዋሱት ዕቃ

ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛው አንቀጽ ይህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እናየዋለን። «ከወዳጅ ተዋሱ፣ ለልጅ ደግሞ አንድ ቁጥር አስበልጡለት፣ ያድግበታል» ይላል።

ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያይዘው ብረት ባይንዲንግ ይባላል። ሥራው መያዝ ብቻ አይደለም፤ በወደቃችሁ ጊዜ ጉልበት ከመጠምዘዙ በፊት መልቀቅ ነው። ምን ያህል ጉልበት ሲያርፍበት እንደሚለቅ የሚወስነው ፊቱ ላይ በትንሽ መስኮት የሚታየው ቁጥር ነው። የልጆቹ ብዙ ጊዜ ከ0.75 እስከ 4.5፣ የአዋቂዎቹ ከ3 እስከ 10 ወይም 11 ይደርሳል። ቁጥሩ የሚወጣው ከኪሎ፣ ከቁመት፣ ከዕድሜ፣ ከጫማው ሶል ርዝመት በሚሊ ሜትርና ከችሎታ ነው። ሰማንያ ኪሎ ለሚመዝንና በፍጥነት ለሚሄድ ጎረቤት የተሞላ ስኪ አምሳ አምስት ኪሎ የምትመዝን ጀማሪ እግር ላይ ሲገባ፣ በዝግታ ስትወድቅ ስኪው አይለቅም። ስኪው ካልለቀቀ ጠመዝማዛው ጉልበት ላይ ያርፋል፤ የፊተኛው የጉልበት ጅማት የሚበጠሰው እንዲህ ነው። ለዚህ ነው የኪራይ ሱቁ ሠራተኛ ኪሎ ሲጠይቅ እውነቱን መናገር የሚያስፈልገው። አፍሮ ኪሎን መቀነስ ስኪው ያለ ቦታው እንዲለቅ ያደርጋል፤ ችሎታን ማጋነን ደግሞ እንዳይለቅ ያደርጋል።

ሶሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ለመራመድ እንዲመች ታስቦ የተሠራው አዲሱ ግሪፕ ዎክ ሶል በድሮ ባይንዲንግ ላይ በትክክል አይቀመጥም። ምድር ቤት ውስጥ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የተኛ ጫማ ደግሞ ፕላስቲኩ ከእርጅና የተነሳ ይደርቃል፤ ከላይ ደህና መስሎ ሁለተኛው ቀን ላይ ተሰንጥቆ ይቀራል።

ወደ ልጁ እግር እንመለስ። የስኪ ጫማ ቁጥር ሞንዶፖይንት ይባላል፤ የእግሩ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ልጁን ባዶ እግሩን ተረከዙን ግድግዳ አስነክታችሁ አቁሙት፣ እስከ ረጅሙ ጣቱ ለኩ። ለዕድገት የሚተወው ቢበዛ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የውስጡን ለስላሳ ክፍል አውጡት፤ ልጁ እግሩን ባዶው ፕላስቲክ ውስጥ አግብቶ ጣቱን ፊት ያስነካ፤ ከተረከዙ ኋላ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ሁለት ጣት ያህል መቅረት አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ልጁ ጫማውን ሲያዞር እግሩ ውስጥ ይዞራል እንጂ ስኪው አይዞርም፤ «ልጄ መታጠፍ አቃተው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ሲያደርጉለት መቆለፊያዎቹ ሁሉ ይከፈቱ፣ ምላሱ ወደ ውጭ ይሳብ፣ እግሩ ሲገባ ተረከዙን መሬት ላይ መታ መታ ያድርግ። መጀመሪያ የሚቆለፈው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለው ነው። ከዚያ ጉልበቱን ጎንበስ አድርጎ የላዩ ይጠብቃል፤ በጣቶቹ በኩል ያለው ደግሞ በመጨረሻ ላላ ተደርጎ ይዘጋል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ጣቱ ፊቱን በስሱ ይነካል፤ ጉልበቱን ሲያጥፍ ይለቃል። ካልሲ አንድ ብቻ፣ ስስና ረጅም ይሁን። ሁለት ካልሲ እግርን አያሞቅም፤ ደሙን አስሮ ያቀዘቅዛል። የውስጥ ሱሪው ጫፍ ከጫማው አፍ በላይ ይቅር፤ ጫማው ውስጥ የገባ ስፌት በአንድ ሰዓት ውስጥ ቅልጥሙን ይልጠዋል። ማታ ጫማው ሞቅ ባለ ክፍል ይደር። መኪና ውስጥ ካደረ ፕላስቲኩ ደርቆ ጠዋት እግር አይገባበትም።

ስለዚህ ስኪና ጫማ እዚያው መንደር ተከራዩ፤ ቀድሞ በኢንተርኔት ሲያዝ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ጫማው ካልተመቸ በማግስቱ ይቀየራል፤ ከወዳጅ የተዋሰ ማንን ያስቀይራል? ለጀማሪ ልጅ ስኪው ከደረቱ እስከ አገጩ ቢደርስ ይበቃዋል። የራሳችሁ መሆን ያለበት ጓንት፣ ካልሲና የበረዶ መነጽር ነው።

ሄልሜቱ (የራስ መከላከያ ቆቡ) ከቅንድብ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ማሰሪያው ሳይታሰር ራስ ሲነቀነቅ መንቀሳቀስ የለበትም። እዚህ ላይ ለእኛ ሴት ልጆች የሚሆን ነገር አለ። ከጉዞው በፊት ፀጉሯ ጭንቅላቷ ላይ በተኛ ቀጭን ሹሩባ ቢሠራ ሄልሜቱ ልክ ይቀመጣል። ከኋላ የተቋጠረ ፀጉር ሄልሜቱን ወደ ግንባር ይገፋና ዓይኗን ይሸፍናል። የሹሩባው ጫፍ ጃኬት ውስጥ ይግባ፤ ሊፍት ላይ እንዳይያዝ። ጣሊያን ከ2025 ኖቬምበር 1 ጀምሮ ሄልሜትን ለሁሉም ዕድሜ ግዴታ አድርጋለች። ሌላ አገር ብትሄዱም እናንተም አድርጉ።

ልብስና ፀሐይ

ጃኬት ይበቃል የሚለው የሚሠራው ሥሩ ያለው ልብስ ጥጥ ካልሆነ ነው። ጥጥ ላብ ጠጥቶ አይደርቅም፤ ሊፍት ላይ ስትቀመጡ በረዶ ይሆንባችኋል። ከሥር ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ከላዩ ፍሊስ (ለስላሳ የሚያሞቅ ጨርቅ)፣ ከዚያ ውኃ የማያስገባ። ለትንንሾቹ አራቱን ጣት በአንድ ላይ የሚይዝ ጓንት፣ ሁለት ጥንድ፣ ምክንያቱም አንዱ እስከ ምሳ ይረጥባል። ጋቢው ለማታ፣ ለቤት ነው፤ ለዚያ ተወዳዳሪ የለውም።

የፀሐይ ቅባት ለፈረንጅ ነው የሚለውን ግን በጥብቅ እንቃወማለን። የፀሐዩ ጎጂ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በአሥር በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ትኩስ በረዶ ደግሞ እስከ ሰማንያ በመቶ የሚሆነውን መልሶ ወደ ፊት ያንጸባርቃል። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፤ ከንፈርና የአፍንጫ ሥር ቀድመው ይላጣሉ። ዓይን ደግሞ ቀለም አይመርጥም። ያለ መነጽር የዋለ ልጅ ማታ ዓይኑ አሸዋ እንደገባበት ሆኖ ሊያድር ይችላል። ለደመናማ ቀን ኤስ1፣ ለፀሐይ ኤስ3 የሚል ሌንስ ፈልጉ።

ኢንሹራንስና መንገድ

የአውሮፓ የጤና ካርድ የሚሸፍነው በመንግሥት የጤና ሥርዓት ውስጥ የሚሰጥ ሕክምናን ነው። ከተራራ ማውረድን፣ የግል ክሊኒክንና ወደ ቤት መመለስን አይሸፍንም። በስኪ መንደር ያለው ሐኪም ደግሞ ብዙ ጊዜ የግል ነው። ሄሊኮፕተር ከመጣ ሒሳቡ በሺዎች ዩሮ ነው። ስለዚህ የፍለጋና የማዳን ወጪን በስም የሚጠቅስ ኢንሹራንስ ይኑራችሁ። የኦስትሪያ አልፓይን ማኅበር አባልነት የማዳን ወጪ ሽፋንን ይጨምራል፤ በፈረንሳይ ከስኪ ፓሱ ጋር በቀን ጥቂት ዩሮ የሚገዛ አለ። ሌላውን ሰው ገጭታችሁ ብትጎዱስ? የኃላፊነት ኢንሹራንስ ጣሊያን ውስጥ በሕግ ግዴታ ነው። ለቪዛ የተገዛው የ30,000 ዩሮ ሽፋንም «የዊንተር ስፖርት አይጨምርም» የሚል መስመር እንዳለበት አንብቡ።

አደጋ ከደረሰ ከተጎዳው ሰው ከፍ ብላችሁ ሁለት ስኪ በመስቀል ትከሉ፣ ወደ 112 ደውሉ፤ በኦስትሪያ የተራራ አዳኞች ቁጥር 140 ነው። በፒስቱ ዳር ባለው እንጨት ላይ የተጻፈውን ቁጥር ንገሯቸው።

በመኪና መሄድ ለአራት ሰው ሊያዋጣ ይችላል፤ እዚህ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ደርሰዋል። የበረዶ ጎማን ግን አላነሱም። ኦስትሪያ ከኖቬምበር 1 እስከ አፕሪል 15 መንገዱ በረዶ ሲይዝ ግዴታ ታደርገዋለች፣ የጥርሱም ጥልቀት ከ4 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ፈረንሳይ በተራራማ አውራጃዎቿ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 የበረዶ ጎማ ወይም ሰንሰለት ትጠይቃለች። ሰንሰለት የሚገባው ሞተሩ በሚያዞራቸው ጎማዎች ላይ ነው፤ ጥቂት ሜትር ነድታችሁ እንደገና አጥብቁት፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፉ። ቤት ሳላችሁ አንድ ጊዜ በቀን ብርሃን ገጥማችሁ ካልተለማመዳችሁ፣ በጨለማ ዳገት ላይ በበረደ ጣት አይሆንም።

የምንስማማበት

አፓርትመንት መከራየት ትክክል ነው። የሆቴሉ እራት አይብና ሥጋ ይበዛዋል፤ ፎንዱና ራክሌት ሁለቱም የቀለጠ አይብ ናቸው፤ በጾም ለሚጓዝ ሰው የሚቀረው ሰላጣና ድንች ነው። ሽሮና በርበሬ ከቤት ይዛችሁ ውጡ፤ ምስርና ሽንኩርት እዚያም አለ። ላይ ያለው ሱፐርማርኬት ውድ ስለሆነ ዋናውን አስቤዛ ሸለቆው ውስጥ ግዙ፤ እሁድ በኦስትሪያ ሱቅ እንደሚዘጋ አትርሱ። ቤቱን ስትመርጡ ግን ከዋጋው በፊት ከሊፍቱ ያለውን ርቀት እዩ። ከ300 ሜትር በላይ ከሆነ፣ ዳገትም ካለው፣ የቀነሰላችሁን ገንዘብ ልጁን በመሸከም ትከፍሉታላችሁ።

ሦስት ቀን

ጽሑፉ «እኛ ለብርድ ስላልተፈጠርን ሦስት ቀን ይበቃናል» ብሎ ይጨርሳል። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ በአገር አቋራጭ ስኪ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል፤ ስለ መፈጠር ያለው ነገር በዚህ ይዘጋ። የሦስት ቀኑ ችግር ሌላ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም አዲስ ነው። በሁለተኛው ጭን ይታመማል። ሦስተኛው ከሁሉም ከባዱ ነው፤ ድካሙ ተጠራቅሟል፣ ልጁ ይነጫነጫል፣ ወላጅም ትዕግሥቱ አልቋል። ሰውነት የተማረውን የሚያወጣው በአራተኛው ቀን ነው፤ ትናንት በግድ የመጣው ፒዛ በዚያ ጠዋት ሳይታሰብ ይመጣል። በሦስት ቀን የሚመለስ ቤተሰብ ይዞ የሚሄደው የሦስተኛውን ቀን ስሜት ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አትንሸራተቱ፤ መዋኛ ወይም የሸርተቴ ጋሪ ይበቃል። ስድስት ቀን አቅም ካልፈቀደ የአራትና የአምስት ቀን ኮርስ ዋጋ ጠይቁ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያዎቹን ቀናት አስወድደው የኋለኞቹን ስለሚያረክሱ፣ ከሦስት ቀን ወደ አምስት ለማሳደግ የሚጨመረው ከሚፈራው ያነሰ ነው። የልጆቹ ትንሽ ውድድርም የሚደረገው በኮርሱ መጨረሻ ቀን፣ ብዙ ጊዜ አርብ ስለሆነ፣ ሰኞ የጀመረ ልጅ ሜዳሊያ አንገቱ ላይ የሚገባው እስከዚያ ከቆየ ነው።